በሳይንስ ልብ ወለድ ተከታይ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሴቶች ክብር

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ተብሎ የተነገረው ምሳሌ ስለ ገንዘብና ስለ ከብት አደራ ብቻ የተነገረ አይደለም። ስምም፥ ታሪክም፥ ክብርም አደራ ይሆናሉ። የሰው ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ቈጥሮ እንደ ተቀበለ ቈጥሮ መመለስ እንደሚገባው ሁሉ፥ ሌላ ሰው ፈጥሮ ያቆመውን ባለ ታሪክ ተቀብሎ ታሪኩን የሚቀጥል ደራሲም የተቀበለውን ሳያጐድልና ሳያዋርድ መጠበቅ ይገባዋል። በዚህ ዘመን ይህን የመሰለው አደራ በብዛት የሚሰጠውና የሚወሰደው፥ ወሬውም በእውነት የሩቅ ሰማይ ወሬ የሆነው፥ የሳይንስ ልብ ወለድ በሚባለው የድርሰት ዐይነት ውስጥ ነው።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር አንድ የሲኒማ ወይም የቴሌቪዥን ታሪክ በሕዝብ ዘንድ የተወደደ እንደ ሆነ፥ የታሪኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ለአንድ አሳታሚ ፈቃድ ይሰጣል። አሳታሚውም ደራሲ ፈልጎ ያዋውላል፤ ደራሲውም በሲኒማው የታወቁትን ሰዎች ይዞ ልብ ወለድ ይጽፋል። አንዳንዱ መጽሐፍ በሲኒማው የታየውን እንዳለ በጽሕፈት ይተርካል፤ ሌላው ግን በሲኒማው ያልታየ አዲስ ታሪክ ይጨምርበታል። ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በባለቤቱ ሰዎች ይመረመራል፤ መጽሐፉ ከታተመም በኋላ ባለ ታሪኮቹ የኩባንያው ንብረት እንደ ሆኑ ይቀራሉ። እንግዲህ የሲኒማ ተከታይ መጽሐፍ ደራሲ እንደ ንጉሥ ሳይሆን እንደ እንደራሴ የሚሠራ ነው ማለት ነው፤ የሚያዝበት ዘመን አለው፤ ሊለውጠው የማይችለውም ሥርዐት አለ።

እነዚህ መጻሕፍት ጥቂቶች ወይም የተናቁ አይደሉም። በዚህ ጽሕፈት ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፥ በ1967 ዓ.ም. ጄምስ ብሊሽ የተባለ ደራሲ ስታር ትሬክ የሚባለውን የቴሌቪዥን ታሪክ ወደ መጽሐፍ መመለስ ጀመረ። ስታር ዎርስ የሚባለው ሲኒማ በ1977 ዓ.ም. ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት መጽሐፉ በ1976 ዓ.ም. ታትሞ ነበር፤ በሽፋኑ ላይ የጆርጅ ሉካስ ስም ቢጻፍም የጻፈው አለን ዲን ፎስተር ነው። በእንግሊዝ አገርም ታርጌት የሚባለው ማሳተሚያ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ሁ የሚባለውን ታሪክ በመጽሐፍ ሲያወጣ፥ ቴራንስ ዲክስ የተባለው ደራሲ ብቻውን ከ60 የሚበልጡትን ጽፏል። ያን ጊዜ ያለፈውን የቴሌቪዥን ታሪክ በቤት ሆኖ መልሶ ማየት የማይቻል ስለ ነበረ፥ ታሪኩን ደግሞ ለማግኘት የወደደ ልጅ የሚያገኘው በመጽሐፍ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት ረዥም ንባብ የለመዱት በእነዚህ መጻሕፍት ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ከሚያነበው ነገር ስለ መርከብና ስለ ኮከብ ብቻ አይማርም፤ ወንድ ምን ሊሆን እንደሚችል፥ ሴትም ምን ልትሆን እንደሚፈቀድላት ሳያውቀው አብሮ ይማራል። የነገሩም ክብደት ከዚህ ላይ ነው።

ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ የቀረበው ክስ አዲስ አይደለም። ጆአና ረስ የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲና የሥነ ጽሑፍ መምህርት በ1970ዎቹ ዓመታት ስለዚሁ ነገር ስትጽፍ፥ የሺሕ ዓመት ወደ ፊት እናስባለን የሚሉ ደራስያን መሣሪያውንና መንኰራኵሩን ሁሉ ሲለውጡ የባልና የሚስትን ኑሮ ግን በራሳቸው ሰፈር እንደሚያዩት አድርገው እንደሚተዉት አስረድታለች። በእውነትም ሰው ከፀሓይ ወደ ፀሓይ የሚሄድበትን መርከብ ለማሰብ የደፈረ አእምሮ፥ በዚያው መርከብ ላይ ሴት አዛዥ ስትሆን ለማሰብ ካልደፈረ፥ የጐደለው ዕውቀት ሳይሆን ፈቃድ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የስታር ትሬክ ታሪክ ነው። በ1964 ዓ.ም. መዘጋጀት በጀመረው የመጀመሪያ ሙከራ ውስጥ ከመርከቡ አዛዥ ቀጥላ በሥልጣን ሁለተኛ የነበረችው ሴት ነበረች። ዳሩ ግን ስም አልተሰጣትም፤ «ቁጥር አንድ» እየተባለች ብቻ ትጠራ ነበር። ያ ሙከራ በቴሌቪዥኑ ኩባንያ ዘንድ ተቀባይነት ስላላገኘ ሌላ ሁለተኛ ሙከራ ተሠራ፤ በሁለተኛውም ውስጥ ያች ሴት መኰንን አልነበረችም። የእርሷን ሥራ የሠራችው ተዋናይት በኋላ ወደ ታሪኩ የተመለሰችው ነርስ ሆና ነው። በ1969 ዓ.ም. በታየው በመጨረሻው ክፍል ደግሞ የመርከብ አዛዥነት ዓለም ሴቶችን እንደማያስገባ በአንዲት ሴት አፍ ተነገረ፤ ተናጋሪዋም በዚህ ምክንያት አእምሮዋን እንደ ሳተች ተደርጋ ቀረበች።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ የመልእክት ክፍል ኀላፊ የሆነችው ኡሁራ የምትባል ጥቁር ሴት መኰንን ነበረች። ስሟ በስዋሂሊ ቋንቋ ነጻነት ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁር ሴት የመኰንን ማዕርግ ይዛ መታየቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በሦስቱ ተከታታይ ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነገረም። በስዋሂሊ ኮከብ ማለት የሆነው ኒዮታ የሚለው ስም የወጣላት በ1982 ዓ.ም. ዊልያም ሮትስለር በጻፈው ተከታይ መጽሐፍ ነው፤ በሲኒማ የተሰማው ግን በ2009 ዓ.ም. ነው። ሱሉ የተባለው ወንድ መኰንንም እንዲሁ የመጀመሪያ ስም ያገኘው በተከታይ መጽሐፍ ሲሆን፥ ቮንዳ ማኪንታየር በ1981 ዓ.ም. ሂካሩ ብላ የሰጠችው ስም በ1991 ዓ.ም. በሲኒማ ተነገረ። ለወንዱ ዐሥር ዓመት የበቃው ነገር ለሴቲቱ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ። ስም ማውጣት ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ስለ ሆነ፥ መዘግየቱን በገንዘብ ማነስ ማመካኘት አይቻልም።

ከዚህ ላይ ስለ ተከታዮቹ መጻሕፍት በጎ የሆነውን መናገር ፍርድ ነው። ከላይ የተጠቀሰችው ቮንዳ ማኪንታየር በዚያው በ1981 ዓ.ም. መጽሐፏ ሀንተር የምትባል ሴት የጦር መርከብ አዛዥ አድርጋ አቀረበች፤ የትልቁንም መርከብ የጥበቃ ክፍል ለሌላ ሴት መኰንን ሰጠች። ይህም የቴሌቪዥኑ ታሪክ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የዘጋውን በር መክፈት ነበር። በ1984 ዓ.ም. ዳያን ዱዌን የጠላት ወገን የሆነች አንዲት ሴት የጦር አዛዥ፥ ለአገሯ ክብር ስትል ከአገሯ መንግሥት ጋር የተጣላች ብልህ ሰው አድርጋ ጻፈች። በ1985 ዓ.ም. ጃኔት ኬጋን ስለ ኡሁራ የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ዲ. ሲ. ፎንታና ባሳተመችው መጽሐፍ ያች «ቁጥር አንድ» የምትባለው የተረሳች መኰንን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መጽሐፍ ከሲኒማ ይልቅ ነጻነት አለው፤ ተዋናይ አይቀጥርም፥ ልብስ አያሰፋም፥ የሰውንም የውስጥ ሐሳብ ገልጦ ማሳየት ይችላል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ነጻነት እያለው ሴትን የሚያዋርድ መጽሐፍ፥ ከሲኒማው ይልቅ የሚያመካኘው ነገር የለውም።

ይህችው ፎንታና ራሷ ለቴሌቪዥን ስትጽፍ ስሟን በፊደላት ብቻ የምታስቀምጠው ሴት መሆኗ እንዳይታወቅባት ነበር። በአጠቃላይ በሳይንስ ልብ ወለድ ዘንድም ከዚህ የባሰ ምሳሌ አለ። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ጄምስ ቲፕትሪ በሚል የወንድ ስም የታተሙት አጫጭር ታሪኮች የተደነቁ ሲሆኑ፥ በ1975 ዓ.ም. ሮበርት ሲልቨርበርግ የተባለው የታወቀ ደራሲ ለመጽሐፉ መቅድም ሲጽፍ፥ ይህ አጻጻፍ የወንድ መሆኑ የማያጠራጥር እንደ ሆነ መሰከረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጸሓፊው አሊስ ሼልደን የምትባል ሴት መሆኗ ታወቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ የወንድ ብዕርና የሴት ብዕር የሚለው ክፍፍል በአንባቢው ግምት ውስጥ እንጂ በወረቀቱ ላይ የለም።

ወደ ስታር ዎርስ መጻሕፍት በተመለሱ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ የተቀላቀለ ሆኖ ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. በታየው ሲኒማ ውስጥ ልዕልት ሌያ ሊያድኗት ከመጡት ሰዎች እጅ መሣሪያ ነጥቃ ራሷ የማምለጫውን መንገድ የምታሳይ ደፋር ሴት ናት። በ1978 ዓ.ም. አለን ዲን ፎስተር በጻፈው የመጀመሪያው አዲስ ተከታይ ልብ ወለድ ግን፥ ከሉክ ጋር ማዕድን በሚወጣበት አገር ተሸሽገው ሲሄዱ፥ አገልጋይ መስላ እንድትታይ በሚል ምክንያት ሉክ በጥፊ ይመታታል። በዚሁ መጽሐፍ መጨረሻ ደግሞ ሉክ በፍርስራሽ ተይዞ ሳለ፥ ሰይፉን አንሥታ ከጨካኙ ከዳርት ቬደር ጋር የምትዋጋው እርሷው ናት። አንዱ መጽሐፍ በአንድ እጁ ያከበራትን በሌላ እጁ ያዋርዳታል። ደራሲው ሴትን የሚጠላ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ጥፊውን እንደ ጨዋታ የሚያሳልፍ ልማድ በዘመኑ ስለ ነበረ ነው። ልማድም ከጥላቻ የበለጠ አስቸጋሪ የሚሆነው፥ የሚሠራው ሰው ሳያስብበት ስለሚሠራው ነው።

ከ1991 እስከ 1993 ዓ.ም. ቲሞቲ ዛን የጻፋቸው ሦስት መጻሕፍት ሌላ መንገድ አሳዩ። በነዚህ መጻሕፍት ሌያ መንታ ልጆች ፀንሳ ሳለች የመንግሥት መልእክተኛ ሆና ትሠራለች። ጠላት ይጠልፏት ዘንድ የሚልካቸው ኖግሪ የሚባሉ ወታደሮች ነበሩ። እርሷም ሸሽታ ከመቅረት ይልቅ ወደ አገራቸው ሄዳ፥ የሚያገለግሉት መንግሥት ምድራቸውን ሆን ብሎ መካን አድርጎ በዕዳ እንደ ያዛቸው መርምራ አገኘች፤ ለሽማግሌዎቻቸውም አስረዳች። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ጌታውን ከዳ፤ በመጨረሻም ያን ታላቅ የጠላት የጦር አዛዥ የገደለው የራሱ ጠባቂ የሆነው ኖግሪ ነው። ፀንሳ የምትሄድ ሴት በምርመራና በቃል ያደረገችውን የጦር መርከብ ሁሉ አላደረገውም። እናትነትን ከሥራ የሚያስቀር ድካም አድርጎ ከማሳየት ይልቅ ከጥበብ ጋር አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየ ታሪክ ነው።

ይህ ከሆነ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ዴቭ ዎልቨርተን የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ሌያ ለመንግሥቷ ጥቅም ሲባል ሀብታም የሆነ የሌላ አገር ልዑል ሊያገባት ሲጠይቃት፥ ጥያቄውን በማመዛዘን ላይ ሳለች፥ ሃን ሶሎ የተባለው ወዳጇ የሰውን ፈቃድ በሚነጥቅ መሣሪያ አስገድዶ በቁማር ወዳገኘው ሩቅ አገር ይወስዳታል። መጽሐፉም የሚያልቀው እርሱን በማግባቷ ነው። ለዚህ ሥራ የአማርኛ ቋንቋ የታወቀ ስም አለው፤ ስሙም ጠለፋ ነው። አንባቢው ግን እንደ ፍቅር ብርታት አድርጎ እንዲያየው ተጽፏል።

ይህ ነገር በልብ ወለድ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ አያሳስብም ነበር። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ያገባት እንደ ሆነ ክስ እንዳይቀርብበት የሚያደርግ ድንጋጌ ነበረው። ይህ ድንጋጌ የቀረው በዚሁ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ ይህ ሕግ ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነው ወስኗል። እንግዲህ ሕግ አውጪ ብዙ እንባ ከፈሰሰ በኋላ የዘጋውን መንገድ፥ ልብ ወለዱ በሰማይ ላይ ከፍቶት ይገኛል። ፍጻሜው ጋብቻ ከሆነ መጀመሪያው ይቅር ይባላል የሚለው ሐሳብ፥ በሕግ መጽሐፍ ቢጻፍም በተረት መጽሐፍ ቢጻፍም ያው አንድ ሐሳብ ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ሌላም ነገር ይታያል። ሴቶች የሚገዟቸው ሁለት አገሮች ተጽፈዋል። በአንደኛው ወንዶች ባሮች ናቸው፤ በሁለተኛውም ንግሥቲቱ ተንኰለኛና በነፍስ ግድያ የምትመክር ናት። የሴት ግዛት በመጽሐፉ ውስጥ የሚታየው የወንድ ግዛት ግፍ ተገልብጦ ብቻ ነው። ክፉ ንግሥት መጻፍ ነውር አይደለም፤ ክፉ ንጉሥም ይጻፋል። ነውሩ ከክፉው ጋር የሚመዛዘን በጎ መታጣቱ ነው።

ዳሩ ግን ጥፋቱን ሁሉ በደራስያን ጠባይ ላይ ብቻ መጣል ምርመራውን ማሳጠር ይሆናል። የነገሩ ሥር በራሱ በአደራው ሥርዐት ውስጥ አለ። ባለቤቱ ኩባንያ ዋነኞቹ ሰዎች እንዲሞቱ ወይም እንዲለወጡ አይፈቅድም፤ በሚመጣው ሲኒማ ይፈለጋሉና። ታሪክ ግን ያለ ለውጥና ያለ ኀዘን ታሪክ አይሆንም። ስለዚህ ኀዘኑና ሞቱ የሚወድቀው ደራሲው ራሱ በጨመራቸው ሰዎች ላይ ነው። ዋነኞቹ በብዛት ወንዶች ስለ ሆኑ፥ ለእነርሱ ወዳጅ ወይም እጮኛ ሆና የምትጨመረው ሴት መጽሐፉ ሳያልቅ መወገድ አለባት፤ አለዚያ በሲኒማው ውስጥ ለምን አልታየችም የሚል ጥያቄ ይነሣልና።

ለዚህ ግልጽ ምስክር የሚሆነው ኤ. ሲ. ክሪስፒን የተባለችው ደራሲ በ1997ና በ1998 ዓ.ም. ስለ ሃን ሶሎ ወጣትነት የጻፈቻቸው ሦስት መጻሕፍት ናቸው። በነዚህ ውስጥ ብሪያ ታረን የምትባል ሴት አለች፤ ከባርነት ወጥታ፥ ለነጻነት የሚዋጉ ሰዎች አዛዥ እስከ መሆን የደረሰች ናት። የጠላትን ታላቅ የጦር ምሽግ ንድፍ አስተላልፋ ከወታደሮቿ ጋር በጦር ሜዳ ሞተች። ሞቷ የክብር ሞት ነው፤ ደራሲዋም ሴት ናት፤ በእውነተኛ አክብሮትም ጽፋታለች። ሆኖም ብሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሞት የተፈረደባት ነበረች፤ ሃን ሶሎ በ1977ቱ ሲኒማ ብቻውን ሆኖ መገኘት ነበረበትና። እንግዲህ የደራሲው ሴት መሆን ብቻውን የሥርዐቱን ፍርድ አይሽርም።

ከሁሉ ይልቅ አንባብያንን ያሳዘነው የማራ ጄድ ነገር ነው። ይህችን ሴት በ1991 ዓ.ም. የፈጠራት ቲሞቲ ዛን ሲሆን፥ በሲኒማ ያልነበረች፥ በመጽሐፍ ብቻ የተወለደች ናት። የንጉሠ ነገሥቱ ስውር መልእክተኛ ነበረች፤ ጌታዋ ከሞተ በኋላ ሉክን ግደዪ የሚለው የመጨረሻ ትእዛዝ በአእምሮዋ ቀርቶ ያስጨንቃት ነበር። ከዚህ ትእዛዝ ነጻ የወጣችበት መንገድ፥ በኋላም የሉክ ሚስትና የልጁ የቤን እናት የሆነችበት ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተነገረ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፥ በ2007 ዓ.ም. ካረን ትራቪስ በጻፈችውና መሥዋዕት በሚል ስም በታተመው መጽሐፍ የባሏ እኅት ልጅ የሆነው ጄሰን ሶሎ በመርዝ ገደላት። መጽሐፉ ዘጠኝ መጻሕፍት ካሉት፥ ሦስት ደራስያን ተካፍለው ከጻፉት ተከታታይ አንዱ ስለ ሆነ ሐሳቡ የአንድ ሰው ብቻ ነው ሊባል አይችልም። ማራ ልጇን ለመጠበቅ ብላ በራሷ ፈቃድ የወጣች ተዋጊ ሆና መጻፏ እውነት ነው። ነገር ግን ሞቷ በተከታታዩ ውስጥ የገዳዩ ወደ ክፋት መውጫ ደረጃና የባሏ ኀዘን መጀመሪያ ሆኖ ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. ጌይል ሲሞን የተባለች አሜሪካዊት፥ በሥዕል በሚነገሩ የጀግና ታሪኮች ውስጥ የወንድ ጀግናን ልብ ለማሳዘን ሲባል ብቻ የተገደሉ፥ የተጐዱ ወይም ኀይላቸውን የተነጠቁ ሴቶችን ስም ዘርዝራ አወጣች። መጠሪያውንም ያገኘችው አንድ ጀግና እጮኛዋን በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ሞታ ካገኘበት ታሪክ ነው። ተከታዮቹ መጻሕፍትም በዚህ መዝገብ አጠገብ ሲታዩ የሚመሳሰሉበት ብዙ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የቈየ ተረት የነገሩን አካሄድ በአጭሩ ይናገራል። ሴቲቱ ታውቃለች፥ ትዋጋለች፥ ንድፉን ታገኛለች፤ ነገሩ የሚያልቀው ግን በወንዱ ነው። ተረቱን በአደባባይ የሚነቅፍ ሰው እንኳ በልብ ወለድ ሲያገኘው ሳያውቀው ያልፈዋል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ሁለት መልሶች አሉ። የመጀመሪያው፥ ወንዶችም ይሞታሉ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቹባካ የሚባለው ታማኝ ወዳጅ ሞቷል፤ በ2001 ዓ.ም. በታተመውም የሌያ ታናሽ ልጅ ሞቷል። ዳሩ ግን ክሱ ሴት አትሙት የሚል አይደለም። ክሱ ሞቷ የማን ታሪክ ሆኖ እንደሚቈጠር የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው መልስ፥ እነዚህ መጻሕፍት ለጊዜ ማሳለፊያ የተጻፉ ቀላል ነገሮች ናቸውና ይህን ያህል ምርመራ አይሹም የሚል ነው። ነገር ግን ሰው የሚጠነቀቀው በትልቁ ነገር ላይ ነው፤ በቀላሉ ነገር ላይ ልቡን ከፍቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ወደ ልብ ፈጥኖ የሚገባው ቀላሉ ነው።

የባለቤትነት ነገር ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት የበርኒስ ሰመርፊልድን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ይህችን የጥንት ዕቃ ተመራማሪ በ1992 ዓ.ም. ለዶክተር ሁ ተከታይ መጻሕፍት የፈጠራት ፖል ኮርኔል ነው። ለሌላው ሰው አገልጋይና አድማጭ ሆና የቀረች ሳትሆን፥ የራሷ ሥራ፥ የራሷ ቀልድና የራሷ ስሕተት ያላት ሴት ናት። በ1997 ዓ.ም. አሳታሚው ዶክተር ሁን የመጻፍ ፈቃዱን ባጣ ጊዜ ዋናው ወንድ ባለ ታሪክ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ፥ በርኒስ ግን ቀረች፤ የፈጣሪዋ እንጂ የቴሌቪዥኑ ድርጅት ንብረት አልነበረችምና። ተከታታዩም በእርሷ ስም ቀጠለ፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪኳ በድምፅ ተውኔት ይወጣ ጀመር። ሌሎቹ ሴቶች ለወንዱ ታሪክ ሲሉ በተወገዱበት ሥርዐት ውስጥ፥ ወንዱ ሄዶ ሴቲቱ የቀረችበት ምሳሌ ይህ ነው። ምክንያቱም የደራስያን ቸርነት ሳይሆን የውሉ አጻጻፍ ነበር። በዚሁ ተከታታይ ውስጥ ግን ሴት ደራሲ የገባችው ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1993 ዓ.ም. አውስትራልያዊቷ ኬት ኦርማን በጻፈች ጊዜ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

በስታር ዎርስ በኩል ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ባለቤቱ ኩባንያ እስከዚያ ድረስ የታተሙት ተከታይ ልብ ወለዶች የእውነተኛው ታሪክ ክፍል መሆናቸው እንዲቀር ወሰነ፤ አፈ ታሪክ በሚል ስምም ለብቻቸው ተለዩ። በአንድ ቃል ማራ ጄድም ገዳይዋም፥ ጠለፋውም የኖግሪዎች ነጻነትም ከመዝገብ ወጡ። ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ክላውዲያ ግሬይ ስለ ሌያ የጻፈችው ልብ ወለድ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ሌያ በዕድሜ የበሰለች የሸንጎ አባል ናት፤ ለከፍተኛው ሥልጣን በተመረጠችበት ጊዜ የጨካኙ የዳርት ቬደር ልጅ መሆኗ በሸንጎ ፊት ይገለጥባታል፤ ሹመቱንም ታጣለች። ኀዘኗ ስለ ባል ወይም ስለ ወንድም ሳይሆን ስለ ሕዝብ አመኔታ ነው። ወድቃም አልቀረችም፤ ሸንጎው ሊያየው ያልወደደውን አደጋ ለመከላከል ራሷ ሰው መሰብሰብ ጀመረች። ከጥፊው መጽሐፍ እስከዚህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመርመሪያ ሦስት ጥያቄ ነው። ሴቲቱ በስሟ ትጠራለች ወይስ የእገሌ እኅት፥ የእገሌ ሚስት ብቻ ትባላለች? በመጽሐፉ ውስጥ የምትፈልገው የራሷ ነገር አለ ወይስ የምትፈልገው ወንዱ የሚፈልገውን ብቻ ነው? ብትወድቅ ወይም ብትሞት የሚቈጠረው የእርሷ ፍጻሜ ነው ወይስ የሌላ ሰው መጀመሪያ? እነዚህን የሚጠይቅ መርማሪ ሴት ሁሉ ደግ፥ ሴት ሁሉ አሸናፊ ትሁን አይልም። ማራ ጄድ ነፍሰ ገዳይ ሆና ጀምራለች፤ ሰው የወደዳትም ስለዚሁ ነው፤ የሠራችውን ራሷ የምትመልስ ሰው ነበረችና።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ዲቦራ በእስራኤል ላይ ፈራጅ ስትሆን ስሟና ፍርዷ ተጽፏል። ዮዲትና አስቴር መጻሕፍቱ በስማቸው ይጠራሉ። ይልቁንም ስሟ ያልተጻፈው የዮፍታሔ ልጅ ነገር ያስደንቃል፤ በአባቷ ስእለት ምክንያት የጠፋች ናትና። እርሷ እንኳ የተናገረችው ቃል፥ የለመነችውም የሁለት ወር ዕድሜ ተመዝግቧል፤ የእስራኤል ሴቶች ልጆችም በየዓመቱ አራት ቀን እንደሚያለቅሱላት ተጽፏል። መሥዋዕት የሆነችው ልጅ ሞቷ የአባቷ ኀዘን ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የራሷ ልቅሶና የራሷ መታሰቢያ ተሰጣት። ከብዙ ሺሕ ዓመት በኋላ የተጻፈው የሰማይ ታሪክ ይህን ያህል ካላደረገ፥ ወደ ፊት ሄድሁ ማለቱ በመርከቡ ብቻ ነው።

ኀላፊነቱም በየማዕርጉ የተከፈለ ነው። ደራሲው ልማዱን መመርመር አለበት፤ አሳታሚው ደራስያንን ሲመርጥ ሴቶችን ከበር ማስቀረት የለበትም፤ ረቂቁን የሚመረምረው የባለቤቱ ሰው መርከቡ በሲኒማው ካለው መርከብ ጋር መመሳሰሉን ብቻ ሳይሆን፥ የሰዎቹ ክብር መጠበቁንም ማየት ይገባዋል። ፈቃድ የሚሰጥ ሁሉ በሰጠው ፈቃድ ለሚሠራው ይጠየቃል፤ ይህ በመሬትና በንግድ ፈቃድ ላይ የሚሠራ ሕግ በታሪክ ፈቃድ ላይም የሚሠራ ነው። አንባቢውም የገዛውን መጽሐፍ ለልጁ ከመስጠቱ በፊት እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ፥ የመጨረሻው መርማሪ እርሱ ይሆናል። ሰማዩ ሩቅ ቢሆንም መጽሐፉ ቅርብ ነው፤ የሚያነበውም ልጅ ከዚያ የቀረበ ነው።